ከማጠቢያው በላይ የተጻፈው ስድስት

«ማስታወቂያ።

ለመማሪያ መጽሐፍ አዘጋጅ ኮሚቴ አባላት በሙሉ። ተራቢያቸው አንድ የሆነ ክፍልፋዮች ሲባዙ አርቢዎቻቸው ይደመራሉ እንጂ አይባዙም። ይህ ሕግ ከዛሬ ጀምሮ የጸና ይሆናል። ሕጉን የተላለፈ ማንኛውም አባል በዚህ ክፍል ውስጥ ሻይ እንዳያፈላ በጥብቅ እናሳስባለን።

ሊቀመንበሩ።»

ማኅተም አለው። እንዲያውም ሁለት ማኅተም አለው፤ የመጀመሪያው ደብዘዝ ስላለ፣ ሕጉ ላይ ጥርጣሬ እንዳይገባ ብለው ሊቀመንበሩ ደግመው መትተውበታል። ሕጉስ እሳቸው ከመወለዳቸው ከብዙ ዘመን በፊትም የጸና ነበር። ግን በዚያ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ማኅተም የሚጸና ነገር አልነበረም፤ ፀሐይም ብትሆን።

ሰኞ ጠዋት፣ ከስብሰባ በፊት፣ ሊቀመንበሩ በሻይ ማፍያዋ ጓዳ ውስጥ፣ ከዚሁ ማስታወቂያ ሥር በጀርባቸው ተዘርረው ሞተው ተገኙ። በቀኝ እጃቸው የሻይ ማንኪያ ጨብጠዋል። ፊታቸው ተማሪ «ገባኝ» ብሎ ሲዋሻቸው የሚያሳዩትን ፊት ይመስላል።

መርማሪዋ ደረጃውን እያለከለከች ወጥታ ስትደርስ ሐኪሙ ቦርሳውን እየዘጋ ነበር። መርማሪዋ ወፈር ያለች፣ ጫማዋ ሁልጊዜ የሚያሳምማት ሴትዮ ናት። ስሟን በትክክል የሚያውቀው የደመወዝ ክፍል ብቻ ነው፤ ሌላው ሰው ከኋላዋ «ታዲያ» ይላታል። ምክንያቱም ሰው አስር ደቂቃ ሲያወራላት ቆይቶ ሲጨርስ፣ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ «ታዲያ?» ትለዋለች፤ ያን ጊዜ ሰውየው ሊናገር ያላሰበውን ይናገራል።

«ልባቸው ነው» አለ ሐኪሙ። «ድሮም ደካማ ነበር። የሚያጠራጥር ነገር አላየሁም።»

«እንዴት አይታይህም!» የሚል ድምፅ ከበሩ ላይ ተሰማ። ቁመተ መለሎ፣ ከረባቱን እስከ ጉሮሮው ያጠበቀ ሰው ነው። የኮሚቴው ምክትል ሊቀመንበር ነበር። «ልብ ይላል እንዴ! መድኃኒቱ ነው የገደላቸው። ሰሌዳውን እዩት! እዚያ ላይ ተጽፎላችኋል እኮ!»

መርማሪዋ ቀና አለች። ከማጠቢያው በላይ፣ ከማስታወቂያው ጎን፣ የመጽሐፍ ስፋት ያላት ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅላለች። በነጭ ጠመኔ እንዲህ ተጽፎባታል፦

(1/2)² × (1/2)³ = (1/2)⁶

«ታዲያ?» አለች መርማሪዋ።

ምክትሉ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው ተነፈሰ። ሊቀመንበሩ፣ አለ፣ ፋርማሲስት አያምኑም ነበር። ሁሉም ውሃ ይሸጡልኛል ይላሉ። ስለዚህ የልብ ጠብታ መድኃኒታቸውን ገና ውሃ ያልነካውን ገዝተው ራሳቸው ያስቀጥኑታል፤ በክፍልፋይ። ግማሽ መድኃኒት፣ ግማሽ ውሃ፤ ይህ አንድ ማቅጠን ነው። ቤት ውስጥ ሁለት ጊዜ ይቀጥናል፤ ያ «የቤቱ ጠርሙስ» ይባላል። ሰኞ ሰኞ ቢሮ ይመጣና ከእሱ ላይ ተቀድቶ ሦስት ጊዜ ደግሞ ይቀጥናል፤ ያ «የቢሮው ጠርሙስ» ነው። ከስብሰባ በፊት አንድ ማንኪያ ይጠጣሉ።

«ያቺ ከላይ የተንጠለጠለችዋ ትንሽ ቁጥር አርቢ ትባላለች፤ ስንት ጊዜ እንደቀጠነ ነው የምትናገረው» አለ። «ሁለትና ሦስት አምስት ነው። አርቢ ይደመራል። ይቺ ልጅ ግን አባዛችው። ሁለት ጊዜ ሦስት፣ ስድስት! አምስት መሆን ያለበት ስድስት ሆነ። ጠነከረ፤ ልባቸው ቀጥ አለ። አለቀ።»

«የቷ ልጅ?»

«የእህታቸው ልጅ ናታ። ስድስቴ።»

በጓዳዋ ጥግ፣ በተገለበጠ የወረቀት ካርቶን ላይ አንዲት ወጣት ተቀምጣ ነበር። ስሟ ሲጠራ እንደተመታ ሰው ቀና አለች።

«ስድስቴ አትበለኝ» አለች።

«እና ምን ልበልሽ? ነፍሰ ገዳይ?»

«እንዲያውም ስድስት ቢሆን እኮ—»

«ዝም በይ! ለፍርድ ቤት ታስረጂዋለሽ!»

መርማሪዋ ከቦርሳዋ መሐረብ አውጥታ የቢሮውን ጠርሙስ ያዘች፤ ከቁም ሳጥኑም የቤቱን ጠርሙስ አወጣች። ሁለቱንም ለሐኪሙ ሰጠችው። «ላቦራቶሪ ይግቡ» አለች። ከዚያ ወደ ሰሌዳዋ ተጠግታ አፍንጫዋ ጠመኔ እስኪነካ ድረስ አየቻት። ከእኩል ምልክቱ በኋላ ሰፊ ክፍት ቦታ አለ፤ ቦታው በመዳፍ እንደታሸ ነጣ ብሏል። የስድስቷም ሆድ ከጀርባዋ ይልቅ ወፍሯል። መርማሪዋ ጫማዋን ከተረከዟ አላቀቀች።

---

መጀመሪያ ያነጋገረቻት አርታኢዋን ነበር። አርታኢዋ ጠጉሯ የሸበተ፣ አንገቷ ላይ መነጽር፣ ጆሮዋ ላይ ቀይ እርሳስ የማይለያት ሴት ናት። በቢሮው «መቀሷ» ይሏታል። እሷና ሟቹ ለብዙ ዓመት እሳትና ጭድ ሆነው ኖረዋል።

«ትጠዪያቸው ነበር ይባላል» አለች መርማሪዋ።

«ማን ነው "ነበር" ያለው? አሁንም እጠላቸዋለሁ። ሰው ስለሞተ ጸባዩ አይታረምም።»

«ጠዋት የት ነበርሽ?»

«ጠረጴዛዬ ላይ። ምዕራፍ ሰባትን እያረምኩ። ጓዳ የገባሁት ሻይ ልቀዳ ነው፤ ሁላችንም ገብተናል። እኔ፣ ልጅቷ፣ ያ ከረባት።» ምክትሉን በአገጯ ጠቆመች። «ብገድላቸው ኖሮ ገና ዱሮ ነበር። አሁን መጽሐፉ ማተሚያ ቤት ሊገባ ሲል ለምን ብዬ? ደሞ ሌላ ሊቀመንበር ሊያመጡብኝ?»

«የልጅቷ ስህተት እውነት ነው?»

«አንድ ጊዜ፣ ረቂቅ ላይ። ልክ በይቺው ብዜት አርቢዎቹን አባዝታ መልሷ ከትክክለኛው በግማሽ አነሰ። በቀይ አረምኩት፤ አለቀ። ሰውዬው ግን ማስታወቂያ አተሙበት! የገዛ እህታቸውን ልጅ! እኛ "አቃላዩ" የምንላቸው በምክንያት ነበር፤ ክፍልፋይም ሰውም እሳቸው እጅ ሲገባ ይቀልላል። "ስድስቴ"ን ግን እሳቸው አላወጡም። ከረባቱ ነው ያወጣላት።»

«ታዲያ?»

አርታኢዋ ቀይ እርሳሷን ከጆሮዋ አወጣች፤ መልሳም ሰካችው።

«ዛሬ ስብሰባው የእሱ ነበር» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «በመጽሐፉ ጀርባ ያለውን የመልስ ክፍል የሠራው እሱ ነው። መልስ ብቻ! ደረጃ የለ፣ ስሌት የለ። "ለአዋቂ መልሱ በቂ ነው" ይላል። አንድ ነገር ግን አየሁ፤ አንደኛ፣ ሦስተኛ፣ አምስተኛ ጥያቄ ትክክል ነው። ሁለተኛ፣ አራተኛ፣ ስድስተኛ ግን እንደ ዕውር ዱላ ነው፤ አንዳንዴ ይመታል፣ አንዳንዴ ይስታል። ለሊቀመንበሩ አሳየኋቸው። እሳቸውም "ሰኞ ሰሌዳ ላይ ወጥቶ ደረጃውን ያሳየናል" አሉ። አርብ ነው ያሉት፤ እሱም ሰምቷል።»

«ሊቀመንበሩ ምን ሊያደርጉት ነበር?»

«ካልቻለ ስሙን ከሽፋኑ ላይ ሊፍቁት። በማኅተም።»

---

ልጅቷን ያነጋገረቻት በስብሰባው ክፍል ውስጥ ነበር። ረጅም ጠረጴዛ፣ አራት ወንበር፤ ግድግዳው ላይ ትልቅ ሰሌዳ። በሰሌዳው ላይ ሟቹ አርብ ዕለት የጻፉት ጥያቄ ገና አለ፦ «ተራ ቁጥር 8። (3/4)³ × (4/3)² አቃልል። ደረጃውን አሳይ።» «ደረጃውን አሳይ» የሚለው ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል።

«የኔ ልጅ» አለች መርማሪዋ፣ «ዛሬ ጠዋት ምን አደረግሽ? አንድ በአንድ ንገሪኝ።»

«አቀጠንኩ። ሦስት ጊዜ። ግማሽ ውሃ፣ ግማሽ ውሃ፣ ግማሽ ውሃ። ከዚያ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። አጎቴ ማንም የሚያቀጥን ሰው ስሌቱን እንዲጽፍ ያዙ ነበር።»

«ምን ብለሽ ጻፍሽ?»

«አምስት። ከዚያች ማስታወቂያ በኋላ መሐሉን ሳልጽፍ ቀርቼ አላውቅም። መጀመሪያ "ሁለት ሲደመር ሦስት" ብዬ ከላይ አስቀምጣለሁ፤ ከዚያ አምስት። ሳልደምር መልስ አልጽፍም። እጄ እንቢ ይለኛል።»

«ሰሌዳው ላይ ግን መደመሩ የለም።»

«የለም። ስድስት ነው ያለው።» እንባዋ መጣ፤ በእጇ ጀርባ በንዴት ጠረገችው። «ማን ያምነኛል? እናቴ ስትሞት ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። መራራ ሰው ነበሩ። ጠዋት ጠዋት የቁርሱ ዳቦ ላይ ክፍልፋይ ይጠይቁኝ ነበር፤ ካልመለስኩ አልበላም። ግን ሌላ ሰው የለኝም። እሱ አሁን በሬሳቸው ላይ ቆሞ ነፍሰ ገዳይ ይለኛል። ነገ ትታሰሪያለሽ በሉኝና ይለይልኝ!»

መርማሪዋ መሐረቧን አውጥታ በጠረጴዛው ላይ ወደ ልጅቷ ገፋችላት፤ መልሳም አልወሰደችውም።

ምክትሉ ሲገባ ወንበር ሳይሰጠው ተቀመጠ።

«አንቺ ሒሳብ ተምረሻል?» አላት።

«ትንሽ።»

«እንግዲህ እኔ የምልሽን ያዢ። ልጅቷ ስህተቷን ደገመችው። ሆን ብላም ይሁን በድንቁርና፣ እሱን እናንተ ታውቃላችሁ።»

«ሐኪሙ ልብ ነው ሲል፣ አንተ መድኃኒት መሆኑን እንዴት አወቅህ?»

«አልኩሽ እኮ፤ ሰሌዳውን አይቼ! ስድስት ይላል። ዓይን ያለው ያያል።»

«ቁጥሩ አምስት ቢሆን ኖሮ?»

«በሕይወት ይኖሩ ነበራ! ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?»

«ታዲያ?»

«ታዲያ ምን? ታዲያ አያስፈልገውም። መልሱን ነግሬሻለሁ!»

መርማሪዋ አንገቷን ነቀነቀች። የላቦራቶሪው ውጤት ማክሰኞ ረፋድ ላይ መጣ። አንብባ ስትጨርስ የጫማዋን ማሰሪያ አጥብቃ አሰረች። የሚያውቋት ባልደረቦቿ ይህን ሲያዩ በሩን ይጠብቃሉ።

---

ሦስቱንም በስብሰባው ክፍል ሰበሰበቻቸው። አንድ ፖሊስ በሩ ላይ ቆሟል። በረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ስድስት ብርጭቆዎች ተደርድረዋል፤ አጠገባቸው የአርታኢዋ ቀይ ቀለም ከነጠርሙሱና የውሃ ማሰሮ አለ።

«ቀለሜን ማን ውሰጂ አለሽ?» አለች አርታኢዋ።

«እተካልሻለሁ። ምክትል፣ ቅድሚያ ውጤቱን ልንገርህ። ልክ ነህ፤ ልብ አይደለም። በቢሮው ጠርሙስ ውስጥ የተገኘው መድኃኒት ከሚገባው ስምንት እጥፍ የጠነከረ ነበር።»

ምክትሉ ወደ ልጅቷ ዞረ። «አላልኩም?»

«ብለሃል። ሰው ሁሉ ልብ ነው ሲል አንተ ብቻ ነህ ያልከው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። አሁን ትንሽ ውሃ እንጫወት።»

ቀይ ቀለም ከውሃ እኩል አድርጋ የመጀመሪያውን ብርጭቆ ሞላች፤ እንደ ደም ጠቆረ። ግማሹን በሁለተኛው ገልብጣ ውሃ ጨመረችበት። የዚያንም ግማሽ በሦስተኛው። አራተኛው የጽጌረዳ ቀለም ያዘ፤ አምስተኛው የሕፃን ጥፍር መሰለ።

«ይሄ አምስት ነው። ሊቀመንበሩ መጠጣት የነበረባቸው ይሄን ነው። አሁን ደግሞ በስህተት ስድስት እናድርገው።»

የአምስተኛውን ግማሽ በስድስተኛው ገልብጣ ውሃ ሞላችበት። ሁሉም አጎንብሰው አዩ። ስድስተኛው ከአምስተኛው የሳሳ ነበር፤ ቀለም ነው ለማለትም ያስቸግራል።

መጀመሪያ የሳቀችው አርታኢዋ ናት። ደስ የማይል፣ ደረቅ ሳቅ ነበር። «ወይ ጉድ» አለች። «ወይ የኔ ጅልነት! ግማሽ ነዋ! ግማሽ ሲራባ ያንሳል!»

«ያንሳል» አለች መርማሪዋ። «ከአንድ በታች የሆነ ነገር በራሱ በተባዛ ቁጥር እየመነመነ ይሄዳል። ይቺ ልጅ አርቢውን አባዝታ ስድስት ጊዜ ብታቀጥነው ኖሮ፣ አጎቷ በግማሽ የሳሳ መድኃኒት ጠጥተው፣ ፋርማሲስቱን ሰድበው ስብሰባ ይገቡ ነበር። አይሞቱም። ስለዚህ በሰሌዳው ላይ ያለው ስህተት በጠርሙሱ ውስጥ ያለውን መርዝ አይወልደውም። እናትና ልጅ አይደሉም፤ አይተዋወቁም።»

«ልናገር ስል ዝም በይ አለኝ» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ።

«ሰምቼሻለሁ። እና ስምንት እጥፍ ከየት መጣ? የቤቱ ጠርሙስ ሁለት ጊዜ ብቻ የቀጠነ ነው። ሦስቱን ማቅጠን ብትዘሉት ሁለት ጊዜ ሁለት ጊዜ ሁለት፣ ስምንት። በቢሮው ጠርሙስ ያለው የቤቱ ጠርሙስ መድኃኒት ራሱ ነው፤ ላቦራቶሪው መንታ ናቸው ብሏል። አንድ ሰው ልጅቷ ያቀጠነችውን ማጠቢያው ውስጥ ደፍቶ፣ ከቤቱ ጠርሙስ ሞልቶ አስቀመጠው። ስሌት አልተሳሳተም፤ ጠርሙስ ተለወጠ። ከዚያ ያ ሰው ጠመኔ አነሳ። የአምስቷን ሆድ ዘጋና ስድስት አደረጋት። ሁሉም ሰው የልጅቷን የቆየ ስህተት ያውቃላ! ማስታወቂያው ራሱ ከጎኑ ተለጥፏል፤ ከነማኅተሙ።»

«ይሄ ሁሉ ግምት ነው» አለ ምክትሉ። ከረባቱን በጣቱ ላላ አደረገ።

«እንቁጠር። ጓዳ የገባችሁ ሦስት ናችሁ። ልጅቷ ናት እንበል። ሰው ገድሎ በገዛ ስሙ የሚታወቅ ስህተት ግድግዳ ላይ የሚጽፍ ማን ነው? እሺ፣ አርታኢዋ ናት እንበል።»

«በይ እንጂ» አለች አርታኢዋ።

«የልጅቷ መልስ በግማሽ አነሰ ብለሽ ትናንት ነግረሽኛል። ስድስት እንደሚያሳሳ ታውቂያለሽ። ጠነከረ ለማስባል ብትፈልጊ አምስቷን ወደ አራት ወይ ወደ ሁለት ትለውጫት ነበር። ወደ ስድስት የሚለውጣት፣ ስድስት ከአምስት ስለሚበልጥ መድኃኒቱም የሚጠነክር የሚመስለው ሰው ብቻ ነው። በዚህ ክፍል እንዲህ ያለ አንድ ሰው ሰምቻለሁ። ስድስት ሆነ፣ ጠነከረ፣ አለቀ።»

ምክትሉ ወደ በሩ አየ፤ ፖሊሱም ወደ እሱ አየ።

«ሌላም አለ» አለች መርማሪዋ። «ልጅቷ መሐሉን ሳትጽፍ አታልፍም፤ ሁለት ሲደመር ሦስት። ያ መሐል ባይጠፋ ሰው በስድስቷ ይስቅ ነበር፤ ሁለትና ሦስት ተደምሮ ስድስት! ስለዚህ በመዳፍህ አበስከው። መልሱን ብቻ ተውከው። ይሄ በመጽሐፉ ጀርባ የምትሠራው ሥራህ ነው፤ እጅህ ሌላ አያውቅም።»

«ሰው ስሌት ስላልጻፈ ነፍሰ ገዳይ ይባላል?»

«አይባልም። ስለዚህ ጻፍልን።» መርማሪዋ ከሰሌዳው ጠርዝ ላይ ጠመኔ አንስታ አቀረበችለት። «ይቺ ጥያቄ ከአርብ ጀምሮ እየጠበቀችህ ነው። ሦስት አራተኛ ሦስት ጊዜ፣ አራት ሦስተኛ ሁለት ጊዜ። ተራ ቁጥሯ ስምንት ነው። በውጭ አገር መጻሕፍት ጀርባ የሚታተመው የአንደኛ፣ የሦስተኛ፣ የአምስተኛ መልስ ብቻ ነው አሉ። የስምንተኛውን መገልበጥ አይቻልም፤ ሰው ራሱ መሥራት አለበት። ከሠራኸው ይቅርታ ጠይቄህ እሄዳለሁ።»

ምክትሉ ሰሌዳውን አየ። አፉ ተንቀሳቀሰ። ቁጥሮቹ ተራ በተራ የሚያዩት መሰለው፤ ሊቀመንበሩ ከዚያ ውስጥ በጥርሳቸው የሚስቁ ይመስል።

«ሦስት አራተኛ!» አለች አርታኢዋ፤ መታገስ አልቻለችም። «ሁለቱ በሁለቱ ይጠፋፋል፤ አንድ ሦስት አራተኛ ይተርፋል! ዘጠነኛ ክፍል እኮ ነው! ሃያ ዓመት ከአንተ ጋር አንድ ሻይ ጠጣሁ!»

ጠመኔው በመርማሪዋ እጅ እንዳለ ነው። ልጅቷ ከመቀመጫዋ ተነሣች። ከመርማሪዋ እጅ ወስዳ ምክትሉ ፊት ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ስሜን ስድስቴ አልክ፤ ቻልኩት» አለችው። «አጎቴን ግን ለምን? ስምህ ከአንድ ሽፋን ላይ ስለሚፋቅ? ወይስ ሌላ ነገር ነበረ? እኔን በምን በድዬህ ነው እስር ቤት የምትሰደኝ? ንገረኝ። ከመጀመሪያው ጀምረህ ንገረኝ።»

ፖሊሱ መጥቶ አጠገቡ ቆመ። ምክትሉ ከረባቱን እንደገና እስከ ጉሮሮው አጠበቀ፣ ጠመኔውን በጣቱ ጫፍ ገፋው፤ ተንከባሎ ወለሉ ላይ ወድቆ ለሁለት ተሰበረ።

«መልሱን አግኝታችኋል» አለ። «ደረጃውን አላሳይም።»